መብራት ሲሄድ የትራፊክ መብራቱም አብሮ እንዳይጨልም፦ ለደብረ ብርሃን መስቀለኛ መንገድ ምን ዓይነት ባትሪ፣ ለስንት ሰዓት?

የጠባሴው (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደውን ዋና መንገድ አንድ የውስጥ መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ላለ የትራፊክ መብራት የባትሪ መጠባበቂያ ልናስገባ ነው። የግዢውን መስፈርት የምንጽፈው እኛ ነን። በቦታው ያለው ዕቃ፦ ለመኪና 8 ባለ ሦስት ዓይን መብራት (300 ሚሊሜትር፣ ሁሉም ኤልኢዲ)፣ ለእግረኛ 8፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰሌዳ 4፣ እንዲሁም መብራቶቹን ተራ በተራ የሚያዝ፣ በ230 ቮልት የሚሠራ ኮንትሮለር በብረት ካቢኔት ውስጥ።

መብራት አንዳንዴ ለአምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ለግማሽ ቀን ይሄዳል። ከዚህ የሚብሰው ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ መጣ ሄደ የሚለው ነው። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ደግሞ ቮልቴጁ ወደ 180 ይወርዳል። መስቀለኛው ሲጨልም ሲኖትራኩም ባጃጁም ጋሪውም እኩል ይገቡና መሀል ላይ ይቆላለፋሉ፤ እግረኛው መግቢያ ያጣል።

ሁለት ሐሳብ ቀርቦልናል። አንደኛው ለኮምፒውተር የሚሸጥ 1,500 ቪኤ (ቮልት አምፔር) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካ ዕቃ፣ ገዝቶ አራት የመኪና ባትሪ ከውጭ መቀጠል ነው። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ወደ ሶላር መቀየር ነው። የትኛው ያዋጣል? ስንት ሰዓት እንዲቆይ ብናቅድ ይሻላል? ባትሪው ሊያልቅ ሲል መብራቱ ምን ቢያሳይ ነው ትክክል?

ኢንቨርተርና ባትሪ

ሁለቱንም አትግዙ። ምክንያቱን ልዘርዝር።

ከባትሪው በፊት ጭነቱን ለኩ። ዝርዝራችሁ ላይ ካለው ስነሣ፣ በመኪና መብራት ላይ በአንድ ጊዜ የሚበራው አንዱ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ 8 × 10 ዋት = 80። የእግረኛው 8 × 6 = 48። ቆጣሪ ሰሌዳው 4 × 12 = 48። ኮንትሮለሩ 55 ገደማ። ድምሩ 231 ዋት ነው። ይሄ ግምት ስለሆነ በቦታው ላይ አረጋግጡት። በክላምፕ ሜትር የምትለኩ ከሆነ የአንድ አምፔር ጅረት ለክላምፕ በጣም ትንሽ ነው፤ የፌዙን ሽቦ በመንጋጋው ውስጥ አምስት ጊዜ ጠምጥማችሁ ያነበባችሁትን ለአምስት አካፍሉ። እንዲህም ሆኖ ክላምፑ የኤልኢዲውን ፓወር ፋክተር (ከሚሳበው ጅረት በእርግጥ ሥራ የሚሠራውን ድርሻ) ስለማያይ ከፍ አድርጎ ያሳያል። የሚሻለው 24 ሰዓት ሙሉ የሚመዘግብ ዋት ሜትር ነው።

የባትሪውን ዲሲ ወደ 230 ቮልት በሚቀይረው ኢንቨርተር ውስጥ የሚባክነውን ስንጨምር (231 ÷ 0.87) ከባትሪው የሚወጣው 265 ዋት ይሆናል። ለስድስት ሰዓት 1,590 ዋት ሰዓት ማለት ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይሄንን ቁጥር ይዞ ሱቅ ይሄዳል። ሦስት ቅናሽ ግን ገና አልተነሣም። ኤጂኤም ዲፕ ሳይክል ባትሪ (ለሰዓታት እንዲጠጣ የተሠራ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ) ዕድሜው እንዲቆይ ከግማሹ በላይ አይጠጣም። በውርጭ ሌሊት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አቅሙ ወደ 85 ከመቶ ይወርዳል። በዕድሜው መጨረሻ ደግሞ 80 ከመቶው ነው የሚቀረው። 1,590 ÷ (0.5 × 0.85 × 0.8) = 4,676። ስለዚህ አራት 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በተከታታይ አስራችሁ 48 ቮልት ስታደርጉ 4,800 ዋት ሰዓት ታገኛላችሁ፤ ልክ ይመጣል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ እስከ 80 ከመቶ መጠጣት ይቻላል። 51.2 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት የሚለው ጥቅል 2,560 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በተመሳሳይ ቅናሽ ሲሰላ ከአምስት ሰዓት ትንሽ በላይ ያደርሳል። ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ለደብረ ብርሃን ግን አንድ ትልቅ እክል አለበት፦ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም። ቢደረግ ሊቲየሙ በውስጥ ወደ ብረትነት ይለወጥና ሴሉን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ቢኤምኤሱ (በጥቅሉ ውስጥ ያለው የባትሪ መቆጣጠሪያ ካርድ) ራሱ ይዘጋዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ መብራት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ቢመጣ ባትሪው ጠዋት ፀሐይ ካቢኔቱን እስክታሞቀው ድረስ አንዲት አምፔር አይቀበልም። ሠራተኛው ቻርጀሩ ተቃጥሏል ብሎ ያስቀይራል፤ የተቃጠለ ነገር ግን የለም። ሊቲየም የምትመርጡ ከሆነ መስፈርቱ ላይ የራሱ ማሞቂያ ያለው፣ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ከመስመር መብራት ብቻ የሚሠራ የ30 እስከ 50 ዋት ማሞቂያ ንጣፍ ከቴርሞስታት ጋር ብላችሁ ጻፉ። የባትሪው ሳጥን ውስጡ በፎም ይለበጥ።

አሁን ስለ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ። የተሠራው ለአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የውስጥ ቻርጀሩ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 አምፔር ቢሰጥ ነው። ከ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብትጠጡ፣ 50 አምፔር ሰዓት በ1.5 አምፔር ለመመለስ ብክነቱን ጨምሮ 40 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በዚህ መሀል መብራት እንደገና ይሄዳል። ባትሪው ሳይሞላ እየቆየ ሰልፌት ይጋግርና በጥቂት ወራት ውስጥ ከተጻፈበት አቅም ትንሹ ብቻ ይቀራል። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ስስ ናቸው፤ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጡ እንጂ ለሰዓታት ቀስ ብለው እንዲጠጡ አልተሠሩም። ሁለቱ ሲገናኙ ርካሽ የሚመስለው ግዢ በዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይደገማል።

መስፈርት ላይ የሚጻፈው፦ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ) ውጤት ያለው፣ 48 ቮልት፣ 1,000 ቪኤ፣ ቢያንስ 15 አምፔር ቻርጀር፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ኤቪአር ያለው ላይን ኢንተራክቲቭ ዩፒኤስ። 231 ዋት ለሆነ ጭነት 1,000 ቪኤ የበዛ ሊመስል ይችላል። ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃው እንደ ቆላው አይቀዘቅዝም። በተለመደው ስሌት ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 1 ከመቶ ይቀነሳል፤ 18 ከመቶ እዚያው ሄደ።

ኤጂኤም ከገዛችሁ ቻርጀሩ የሙቀት ማካካሻ ሴንሰር ይኑረው፤ ሴንሰሩም ባትሪው ላይ ይለጠፍ እንጂ ካቢኔቱ ግድግዳ ላይ አይንጠልጠል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ25 ዲግሪ የ48 ቮልት ጥቅል ማቆያ ቮልቴጅ 54.4 ገደማ ነው። በ5 ዲግሪ ግን በሴል 3 ሚሊቮልት በዲግሪ ስናሰላ (24 ሴል × 0.003 × 20) 1.4 ቮልት ተጨምሮ 55.8 መሆን አለበት። ካልተጨመረ ባትሪው በብርድ ወቅት ሁልጊዜ ጎደሎ ነው።

ሲግናል ካቢኔት

ከላይ ባለው ባትሪ ስሌት ላይ የምጨምረው የለኝም። የኮንትሮለሩን በኩል ልናገር፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው ደህና ሆኖ አሠራሩ ነው የሚበላሸው።

ስንት ሰዓት ለሚለው፦ ሙሉ አሠራር ለአራት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ቢጫ ብልጭታ ባትሪው እስኪያልቅ። ብልጭታ ሲሆን እግረኛውና ቆጣሪ ሰሌዳው ይጠፋሉ፤ የመኪናው መብራት ደግሞ ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሚበራ 40 ዋት ይሆናል። ከኮንትሮለሩ ጋር 95 ዋት። በሙሉ አሠራር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ባትሪ በብልጭታ ወደ አምስት ሰዓት ይሄዳል ማለት ነው። የስድስት ሰዓቱ ባትሪ በዚህ አከፋፈል ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሄዳል።

ይሄን ለማድረግ ዩፒኤሱ ደረቅ ኮንታክት (ሪሌይ) ይኑረው። አንዱን «ባትሪ ዝቅ ብሏል» ለሚለው፣ ሌላውን ደግሞ «በባትሪ ላይ ይህን ያህል ሰዓት ሆነ» ለሚለው አዘጋጁና ሁለቱንም በፓራለል ወደ ኮንትሮለሩ የብልጭታ ግብዓት አስገቡ። የመብራቶቹን ብሬከር በሚቆርጥ ሪሌይ ለማድረግ የሚሞክር ቴክኒሽያን ካያችሁ አስቁሙት። አረንጓዴ ላይ ያለ መኪና መሀል መንገድ እያለ መብራቱ ድንገት ይቀየርበታል። ኮንትሮለሩ ግን በግብዓቱ ሲታዘዝ ዙሩን ጨርሶ፣ ሁሉንም ቀይ አድርጎ ነው ወደ ብልጭታ የሚገባው። እንደዚያ ተደርጎ መሞላቱን በፕሮግራሙ ውስጥ አረጋግጡ።

ለኤጂኤም 48 ቮልት ሲደርስ ብልጭታ፣ 46 ሲደርስ ቁርጥ ይበል። ከ46 በታች የሚጠጣ ባትሪ ዕድሜውን እየከፈለ ነው። ለሊቲየም ግን በቮልቴጅ አታዙት፤ ከ80 እስከ 20 ከመቶ ድረስ ቮልቴጁ እምብዛም ስለማይለወጥ ሊያልቅ ሲል ነው የሚነግራችሁ። ከቢኤምኤሱ የሚመጣውን የመቶኛ ንባብ ተጠቀሙ፤ 40 ከመቶ ላይ ብልጭታ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ መብራት ከሄደ አራቱን ሰዓት ሳይጠብቅ ወዲያው ብልጭታ ይግባ። በዚያ ሰዓት ባትሪውን ለጠዋቱ የተማሪና የሠራተኛ ግርግር ማቆየት ይበልጣል።

ሰዓት ካነሣን፦ የኮንትሮለሩን ውስጠኛ ሰዓት የምታቆየው ትንሿ የሳንቲም ባትሪ ከሞተች፣ ኮንትሮለሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ያን ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የእኩለ ሌሊቱን ፕሮግራም ሲያስኬድ ታገኙታላችሁ። ዋናው መንገድ 20 ሰከንድ ብቻ ያገኝና ሰልፉ እየረዘመ ይሄዳል፤ ሰውም «ባትሪው ነው ያበላሸው» ይላል። ሳንቲሟን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ፤ ጂፒኤስ መቀበያ ያለው ኮንትሮለር ከሆነ ደግሞ አንቴናውን ከካቢኔቱ ውጭ አውጡለት።

ለስላሳ ሳይሆን አራት ማዕዘን ሞገድ የሚሰጠው የሞዲፋይድ ኢንቨርተር ነገርም ይነሣ። በካቢኔቱ ውስጥ ሁለት የሚጋጩ አረንጓዴዎች አንድ ላይ እንዳይበሩ የሚጠብቅ ካርድ አለ። በየመብራቱ ያለውን ቮልቴጅ እየለካ ነው የሚሠራው። አራት ማዕዘን ሞገድ ሲመጣለት ልኬቱ ይሳሳትና የሌለ ግጭት አየሁ ብሎ መስቀለኛውን ብልጭታ ላይ ይቆልፈዋል፤ ሰው መጥቶ ካልፈታው በስተቀር መስመሩ ሲመለስም አይለቅም። ፒዩር ሳይን የተባለው ለዚህ ነው። ካርዱን ነቅሎ ወይም በሽቦ አታሎ ማስኬድ ሰው መግደል ነው። በምንም ምክንያት እንዳይደረግ።

የሮቢቷ

ሶላሩን በተመለከተ እኔ ልመልስ። ሸዋ ሮቢት ሆነን ፀሐዩ ተርፎን እንኳን ለሙሉ መስቀለኛ አይመከርም። ቁጥሩን እዩት፦ 265 ዋት × 24 = 6,360 ዋት ሰዓት በቀን። በሐምሌና በነሐሴ ደመናና ጉም በበዛበት ጊዜ በቀን 4 የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ብንይዝ፣ በመንገድ የሚባክነውን 30 ከመቶ ስንቀንስ 2,270 ዋት ፓነል ያስፈልጋል። ባለ 450 አምስት ማለት ነው፤ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ። ይሄን የትራፊክ መብራት ምሰሶ ላይ ሰቅላችሁ የደብረ ብርሃንን ነፋስ እንዲችል የሚያደርግ መሠረት ማፍሰስ ከባትሪው ይበልጥ ያስወጣል። ለሁለት ቀን ደመና የሚሆን ባትሪ ሲጨመር ደግሞ ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት ትደርሳላችሁ። መስመር ባለበት ከተማ ይሄ ገንዘብ መበተን ነው።

አንድ 450 ዋት ፓነል ለእርዳታ መጨመር ግን ጥሩ ነው። በክረምትም ቢሆን በቀን 1,260 ዋት ሰዓት ገደማ ያስገባል፤ መብራት ለሙሉ ቀን ሲሄድ አምስት ሰዓት ሊሞላ የቀረበ ተጨማሪ ሙሉ አሠራር ነው። ወደ ደቡብ ይዙር፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። ከ10 በታች ከሆነ ዝናቡ አቧራውን ሳያጥብ በታችኛው ጠርዝ ላይ ጭቃ ሆኖ ይደርቃል።

ሶላር በእውነት የሚያዋጣው ለትምህርት ቤት ማቋረጫ ብልጭታ ነው። ሁለት ባለ 10 ዋት ቢጫ መብራት ግማሹን ጊዜ ሲበራ፣ ከትንሽዋ መቆጣጠሪያ ጋር በቀን 290 ዋት ሰዓት ይበላል። አንድ 150 ዋት ፓነልና አንድ 12.8 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ከበቂ በላይ ነው፤ ፀሐይ ባይኖር ሦስት ቀን ተኩል ይይዛል። ገመድ መቅበርም ቆጣሪ ማስገባትም የለም።

ከቆላው ወገን ለምታነቡ ደግሞ፦ ከላይ የተሰጠውን የባትሪ ምክር እንዳለ ወደ ሮቢትና አጣዬ አታውርዱት። ደጋው የባትሪውን አቅም ይቀንሳል እንጂ ዕድሜውን አይነካም፤ ቆላው ነው ዕድሜውን የሚበላው። ኤጂኤም ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ8 እስከ 10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው የብረት ካቢኔት ውስጡ ከ45 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ አምስት ዓመት የተባለለት ባትሪ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሞታል። ካቢኔቱን ነጭ ቀቡት፤ አናቱ ላይ አሥር ሳንቲሜትር ክፍተት ያለው ሁለተኛ ቆርቆሮ አልብሱት፤ ከታች የሚያስገባ፣ ከላይ የሚያስወጣ ወንፊት ያለው ቀዳዳ ክፈቱ። እዚያ እኔ ሊቲየምን ያለ ማንገራገር እመርጣለሁ፤ የዜሮ ዲግሪ ችግር ስለሌለ።

የጠባሴው

እግዚአብሔር ይስጥልን። በጣም ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ማታ 180 ቮልት ሲሆንና መጣ ሄደ ሲል ዩፒኤሱ ምን ይሆናል? ሌላው፣ ግማሽ ቀን ሲያልፍ ጄኔሬተር ይዘን ብንሄድ በየት በኩል እናስገባው?

ኢንቨርተርና ባትሪ

ኤቪአር የሌለው ዩፒኤስ 180ን እንደ ጠፋ መብራት ይቆጥረዋል። በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ባትሪ ላይ ይውላል፤ 800 ዋት ሰዓት ያህል በከንቱ ይሄዳል። እውነተኛው መጥፋት ሲመጣ ባትሪው ጎድሎ ይጠብቀዋል። ኤቪአር ካለው 180ን ከ200 በላይ አንሥቶ ያሳልፋል፤ ባትሪው አይነካም። የዝቅታ ገደቡን 165 ወይም 170 ላይ አድርጉት።

መጣ ሄደ ለሚለው መድኃኒቱ የመመለሻ መዘግየት ነው። መስመሩ ሲመለስ ዩፒኤሱ ወዲያው አይቀበለው፤ 60 ሰከንድ ሳይቋረጥ ጤናማ ሆኖ እስኪቆይ በባትሪ ይሂድ። መስመሩ ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከፍ ብሎ መምጣቱም የታወቀ ስለሆነ በዚህ ይታለፋል። ኒውትራል ሲበጠስ ግን በአንድ ፌዝ ላይ ወደ 400 የተጠጋ ቮልቴጅ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ዩፒኤሱ ራሱ አይችለውም። ከዩፒኤሱ በፊት ከ265 በላይ ሲሆን የሚቆርጥ የቮልቴጅ መጠበቂያ ሪሌይና የመብረቅ መከላከያ ይግባ። መብረቅ መከላከያው ያለ ጥሩ ግራውንድ ጌጥ ነው። ከ10 ኦም በታች አውርዱት። ደጋው መሬት ከሥሩ አለት ስለሆነ አንድ ዘንግ አይበቃም፤ ሦስት ዘንግ በመካከላቸው ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል አራርቃችሁ በመዳብ አገናኙ። ጨው አትጨምሩበት፤ ለአንድ ክረምት ያሳምርና ዘንጉን ይበላዋል። ቤንቶናይት ይሻላል።

ለጄኔሬተሩ ካቢኔቱ ላይ ከውጭ የሚሰካ ወንድ ሶኬት ከነክዳኑ ግጠሙ፤ ከውስጥ ደግሞ አንድ፣ ዜሮ፣ ሁለት የሚል ማዞሪያ ማብሪያ። ዜሮው መሀል ላይ ስላለ መስመሩና ጄኔሬተሩ በምንም መንገድ አይገናኙም። በሁለት በኩል ወንድ በሆነ ገመድ የካቢኔቱን ሶኬት ወደ ኋላ ማጉረስ በምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሰው መግደል ነው። ጄኔሬተሩ ከዩፒኤሱ በፊት ይግባ፤ ከኋላ አይደለም። ትንሽ ጄኔሬተር ፍሪኩዌንሲው ይዋዥቃል፤ ዩፒኤሱ ካልወደደው በባትሪ መሄዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሰፊ የግብዓት ወይም የጄኔሬተር ሞድ ያለው ምረጡ፤ ከ45 እስከ 55 ኸርዝ የሚቀበል። ከፍታው እዚህም አለ፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 2 ኪሎቪኤ የተባለው ወደ 1.4 ይወርዳል። 15 አምፔር ቻርጀር ብቻውን 800 ዋት በላይ ይስባል፤ መብራቶቹ ሲጨመሩ ከ1,000 በላይ። ሊያዘው ይችላል፤ ከዚያ ያነሰ ግን አትግዙ።

ገመድና ፊውዝ፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ 30 ሳንቲሜትር ሳይርቅ 40 አምፔር የዲሲ ፊውዝ፣ ገመዱ 16 ካሬ ሚሊሜትር። የቤት ብሬከር በዚያ ቦታ አታድርጉ። የዲሲ ቅስቱ (ሲቆረጥ በክፍተቱ የሚዘልለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ራሱን ስለማያጠፋ ብሬከሩ ተከፍቶም ውስጡ ይቃጠላል።

መንገድና ምልክት

ስለ ኤሌክትሪኩ ተብሏል። መብራት የማይፈልገውን ክፍል ግን ማንም አላነሣም።

ቢጫ ብልጭታ «ተጠንቀቅ» ይላል እንጂ ማን ቅድሚያ እንዳለው አይናገርም። ያንን የሚናገረው ምልክት ነው። በውስጥ መንገዱ ሁለት አፎች ላይ ስምንት ማዕዘኑ የ«ቁም» ምልክት፣ አንጸባራቂ ገጽ ያለው፣ ዛሬውኑ ይተከል። መብራቱ ሲሠራ መብራቱ ይገዛል፤ ሲጨልም ወይም ቢጫ ሲሆን ምልክቱ ይገዛል። በተጨማሪም የማቆሚያ መስመሩና የዜብራው ቀለም የመስታወት ፍርፋሪ ያለበት ይሁን፤ የመንገድ መብራቱም አብሮ ስለሚጠፋ በመኪና መብራት የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጉም ሲወርድ ልዩነቱ በደንብ ይታያል።

ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ሥራ ይከፋፈል። በካቢኔቱ ጎን ያለችው ትንሿ በር የፖሊስ ማብሪያ አላት፤ በራስ፣ ብልጭታ፣ ጠፍቷል የሚል። መሀል ገብቶ በእጁ የሚያስተናግድ ፖሊስ መብራቱን ብልጭታ ላይ ማድረግ አለበት፤ አረንጓዴ እያየ «ቁም» የተባለ ሾፌር መጀመሪያ የሚያምነው መብራቱን ነው። ቁልፉ በፈረቃው ኃላፊ እጅ ይሁን፤ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ በሩ መኖሩ ዋጋ የለውም።

በኤስኤምኤስ የሚያሳውቅ ትንሽ ሞደምም ጨምሩ። «መስመር ጠፋ»፣ «ብልጭታ ገባ»፣ «ባትሪ 20 ከመቶ» የሚሉ ሦስት መልእክት ይበቃሉ። ፖሊሱ የሚላከው ሁለተኛው ሲደርስ ነው። በረጅም መጥፋት የኔትወርኩ ማማም ሊወርድ ስለሚችል ግን አራት ሰዓት ካለፈ መልእክት ሳይጠብቅ ሰው ይሂድ።

ሲግናል ካቢኔት

ለርክክቡ ቀን አንድ ነገር፤ አቅራቢው የዩፒኤሱን የራስ ፍተሻ ቁልፍ ተጭኖ አረንጓዴ ሲበራ ጨርሻለሁ ይላል። ያ ፍተሻ አሥር ሰከንድ ነው፤ የሞተ ባትሪም ያልፈዋል። የመስመሩን ብሬከር አውርዳችሁ መስቀለኛው በሙሉ አሠራር ሁለት ሰዓት ሲሄድ ቁሙና እዩ። በየሠላሳ ደቂቃው የአራቱን ባትሪ ቮልቴጅ ለየብቻ መዝግቡ። አንዱ ከሌሎቹ በ0.3 ቮልት ከወረደ ያ ባትሪ ይመለስ፤ በተከታታይ እስር ውስጥ ደካማው ነው የሁሉንም ሰዓት የሚወስነው። ከዚያም የብልጭታውን ገደብ ለጊዜው ከፍ አድርጋችሁ ወደ ብልጭታ ሲገባ ዙሩን ጨርሶ መግባቱን፣ ብሬከሩ ሲመለስም 60 ሰከንድ ቆይቶ መቀበሉን አረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ በወር አንዴ የ15 ደቂቃ ቁርጥ፣ በዓመት ሁለቴ (መስከረምና ግንቦት ይመቻል) እስከ ብልጭታ ድረስ። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የባትሪ ተርሚናሎቹን ደግማችሁ አጥብቁ፤ እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ ይላላል፤ የላላ ተርሚናል ይሞቃል። ሲቀየር አራቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ። አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ከታሰረ አሮጌዎቹ ሳይሞሉ ይቀራሉ፤ አዲሱም በወራት ውስጥ ይከተላቸዋል። የገመድ መግቢያ ቀዳዳዎቹን በብረት ሱፍና በሲሊኮን ድፈኑ፤ በብርድ ወቅት አይጥ ሙቀት ፍለጋ ወደ ኢንቨርተሩ ይገባል፤ የመጀመሪያው የሚበላው ደግሞ የሙቀት ሴንሰሩን ቀጭን ሽቦ ነው።